እሑድ እስኪነጋ

ሲራጁዲን በዳላስ ታክሲ ሲነዳ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ለደስታ ብሎ መሪ የጨበጠበት ቀን የለም። «ሜትሩ የሚቆጥረው መንገድ ነው እንጂ ደስታ አይደለም» ይላል። ሚስቱ ዘይቱናም ልጁ አርዋም ይህን አባባል ከመስማታቸው ብዛት አፉን ሲከፍት ቀድመው ይጨርሱለታል። ስለዚህ እንግዳቸው ሁመይራ ከሚኒሶታ በመጣች ማግስት ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ «ጋሽ ሲራጅ፣ እነዚህ ቦታዎች ትወስደኛለህ» ስትለው፣ መነጽሩን እንኳ ሳያደርግ ወረቀቱን ገልመጥ አድርጎ መለሰላት።

«ምንድን ነው?»

«የሙዚቃ ፕሮግራም ነው። ላይቭ። አሜሪካና የሚባለው።»

«አገሩ አሜሪካ፣ ሙዚቃው አሜሪካና! ሰዎቹ ስም አልቆባቸዋል እንዴ?»

ሁመይራ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። የዘይቱና የአክስት ልጅ ናት፤ አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ሚኒሶታ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ልጆቹ ለዊንተር ቬኬሽን ሁለት ሳምንት ሲዘጉ እሷም አብራ ትዘጋለች። ባል ነበራት፣ ተፋቱ፤ ልጅ አልወለደችም። በዚህ ዓለም የኔ የምትላቸው ኮምቦልቻ ያሉት እናቷ እትዬ ተዋበችና ታናሽ ወንድሟ አናስ ብቻ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ጁምዓ ሳታጓድል እናቷ ጋ ደውላለች።

«የገጠር ሰው ሆዱ ሲብሰው የሚዘፍነው ነው» ስትል አስረዳችው። «ወጥ ቤት የምታሠራን ዶና የምትባል አሮጊት ነበረች። ጠዋት ገብታ መጀመሪያ የምታበራው ምድጃውን ሳይሆን ሬዲዮኗን ነው። እኔ ያኔ አንድ ቃል እንግሊዝኛ የለኝ፤ ድንች እየላጥኩ እሱን እሰማለሁ። ቋንቋውን ያስተማረኝ ክላስ እንዳይመስልህ፣ ያ ሬዲዮ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰማሁት፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው ቆሞ ሲጫወተው በዓይኔ አላየሁም። እኛ ጋ ክረምቱ ከቤት አያስወጣ! ዘንድሮ ቴክሳስ ሄጄ ሳላየው አልመለስም ብዬ ነው የመጣሁት። እናንተንማ በፎቶ አያችኋለሁ።»

«በይ እንግዲያው ጠብቂ» አላት ሲራጁዲን። «ክሪስማስ የኤርፖርት ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ በሚሯሯጥበት ሰሞን ቫዮሊን ላዳምጥ ብዬ አልቆምም።»

ሰኞ አልወሰዳትም። ማክሰኞም አልወሰዳትም። ሁመይራ አልተቀየመችም፤ ቪከሪ ሜዶ ካለው አፓርታማቸው ደጃፍ ቆማ ያለ ካፖርት አየሩን እየማገች «እዚህ አገር ብርድ የለም፣ ተሸውዳችኋል» እያለች ስትቀልድ ዋለች።

ረቡዕ ጠዋት ሲራጁዲን ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው፣ በሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ይጀምራል። አናስ ነበር።

«ጋሽ ሲራጅ፣ እማዬን አሟታል። ሁመይራን እባካችሁ እንደምንም ብላችሁ...» አለና ድምፁ ተሰበረ። ልጁ ሲያለቅስ ተሰማ። ከዚያ መስመሩ ድርግም አለ።

ሲራጁዲን ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። መልሶ አልደወለም። ምን ብሎ ይደውላል? ሞት በስልክ አይነገርም፣ በስልክም አይጠየቅም። ያገሩ ሰው ሞተ አይልም፤ ታመዋል ይላል። ሰሚው ያውቃል። ከዚያ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ሐዘንተኛዋ ቤት ይኬዳል፣ ደግፈው ይዘው ያረዷታል። ሲራጁዲን በስደት ዘመኑ ሦስት ጊዜ «ታመዋል» ተብሎ ተደውሎለታል፤ አንዴ ስለ አባቱ፣ አንዴ ስለ ታላቅ ወንድሙ፣ አንዴ ስለ አጎቱ። ሦስቱም በዚያ ሰዓት አፈር ለብሰው ነበር። አራተኛውን ከሦስቱ ለይቶ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም። ደግሞስ ለታመመ ሰው እንዲህ ተንሰቅስቆ የሚያለቅስ ወንድ ማን ነው?

የደወለው ለሐጂ ጦልሃ ነው። ሐጂ ጦልሃ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሠርግም መርዶም ያለ እርሳቸው ቃል አይቆረጥም።

«አላህ ጀነተል ፊርዶስ ይስጣቸው» አሉ ሐጂ። «ልጅቷ ሰምታለች?»

«የለም።»

«እንዳትሰማ። ነገ ክሪስማስ ነው፣ እስከ ቅዳሜ ወንዱ ኤርፖርት ነው፣ ሴቶቹ ፋርመርስ ብራንች ያለው መጋዘን ሆሊደይ ሺፍት ገብተዋል። አንዲት ሴት በሁለት ሰው ፊት አትረዳም፤ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ለቀብሩ እንደሁ አትደርስ። እሑድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሁላችንም እንመጣለን። እስከዚያ ደስ ብሏት ትቆይ። ስልክ ግን ጠብቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ረቡዕ ሳይመሽ በሰፈሩ ያለው የወሎ ሰው ሁሉ የእትዬ ተዋበችን ሞት ሰማ። አንዲቱ እሑድ የምታመጣውን ዳቦ መደበች፣ አንዱ ወንበር ሊያመጣ ቃል ገባ። ሁመይራ ግን ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ለአርዋ ሹሩባ እየሠራች ታንጎራጉር ነበር።

ስልኩን የወሰደው ሲራጁዲን ራሱ ነው። መግሪብ ልትሰግድ ስትቆም ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እጁን ሰደደ፤ አጠፋው፤ ወርዶ ታክሲው ውስጥ ከመሪው በስተቀኝ ባለችው ሳጥን፣ ከካርታዎቹ ሥር ከተተው። በዕድሜው የሰው ኪስ ገብቶ አያውቅም። ቀና ሲል አርዋ ደረጃው ላይ ቆማ ታየዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሪቻርድሰን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ያነክሳል፤ ዓይኗ ግን አያነክስም።

«ባባ፣ ያ የአንቲ ሁመይራ ስልክ ነው።»

«ዝም በይ። እናቷ ሞተዋል።»

ልጅቷ አፏን ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ። ሶ፣ ለምን አትነግራትም?» አለች።

«እሑድ ይነገራታል።»

«ማለቴ፣ አንክል አናስ ሞታለች አለህ? ልክ እንደዛ አለህ?»

«እንዲህ ተብሎ አይነገርም።»

«ኦኬ፣ ግን ኮል አድርገህ ጠይቀው። ጀስት ጠይቀው። ምናልባት ሲክ ብቻ ቢሆንስ?»

«እናቱን የቀበረን ልጅ ሞታለች ወይ ብዬ ልጠይቀው? በቁስሉ ላይ እንጨት ልስደድበት? አንቺ የኛን ነገር አታውቂም፣ ግቢ!»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ተረቱ። ሲራጁዲን ይህን ተረት ለተሳፋሪ እንኳ ሳይቀር እየተረጎመ የሚናገር ሰው ነው። ያን ቀን ከአንዲት አማርኛዋ ከሚያነክስ ልጅ አፍ ሲመጣ ግን አላወቀውም።

ሁመይራ ስልኳን ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ፈለገችው፤ ከዚያ ተስፋ ቆረጠች። «ማክሰኞ ከአርዋ ጋር ባቡር ስንሳፈር ጥዬው ነው። ይሁን፣ ሚኒሶታ ስመለስ ሌላ እገዛለሁ። እንዲያውም ዕረፍት ነው፤ ማን ይደውልልኛል!» አለች። አርዋ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ውሃ ከፍታ ቆየች።

ዓርብ ጠዋት መጣ። ሁመይራ ተጣጥባ፣ ሽቶዋን ነክታ፣ «ዘይቱና፣ ስልክሽን አምጪ እስቲ፣ ጁምዓ ነው፤ እማዬ ትጠብቀኛለች» አለች።

ዘይቱና ባሏን አየችው። ሲራጁዲን ዳቦ እያኘከ ነበር፤ ሳይውጠው ተናገረ። «አገር ቤት መስመር የለም። የኮምቦልቻ ኔትወርክ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተቋርጧል፣ ሹፌሮቹ ሁሉ እያወሩ ነው።»

«ኧረ! እስከ መቼ?»

«እስከ... እሑድ ይሠራል አሉ።»

ሁመይራ የዘይቱናን ስልክ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሲራጁዲን ፊቷ ትንሽ ሲጠቁር አየ። አዘነላት፣ ከልቡ አዘነላት። እናት የሌላት ሴት እናቷ ጋ ልትደውል ተዘጋጅታ ማየት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም።

«ያ ወረቀትሽ የት አለ?» አላት።

«የቱ?»

«የሙዚቃው ነዋ! ዛሬ አልሠራም። ነገም አልሠራም።»

«ወይ ጉድ! ጋሽ ሲራጅ፣ ምን ነክቶህ ነው?»

የነካውን አልነገራትም።

ዓርብ አመሻሽ ሪቻርድሰን አንድ ካፌ ወሰዳት። አንዲት ቀጭን ወጣት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጊታር እየመታች ዘፈነች፤ ሁመይራ ከፊት ወንበር ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ዓይኗን አልነቀለችም። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ስትወጣ «ጣቶቿን አየሃቸው?» አለችው። «በሬዲዮ ጣት አይታይም እኮ። ገመዱ ላይ ስትንሸራተት ሲጥ የሚለውን ድምፅ ሁልጊዜ የሬዲዮኑ ብልሽት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጣት ነው!» ይህን ደጋግማ አወራችው፤ ለዘይቱናም አወራችላት፤ ሳትተኛም አንድ ጊዜ አነሳችው።

ቅዳሜ ዋናው ነው። ፎርት ወርዝ፣ ከድሮው የከብት ገበያ ጀርባ፣ የመኖ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት አለ። ውስጡ የእንጨት ወንበር ደርድረው፣ በማዕዘኑ ምድጃ አንድደው፣ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሙዚቃ ያሰማሉ። መጠጥ አይሸጥበትም፤ ቡናና የፒካን ኬክ ብቻ ነው። ሁመይራ ይህን አስቀድማ አጣርታ ነው የመረጠችው። አረንጓዴ ሂጃቧን አሥራ፣ የዘይቱናን የወርቅ ጉትቻ ተውሳ፣ አርዋን በክንዷ ይዛ ገባች። ዘይቱና «ራሴን አመመኝ» ብላ ቀረች፤ የእሑዱን ድስት ልትጥድ መሆኑን የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነው።

መድረኩ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዲት ወፍራም ሴት ባንጆ የሚሉትን ክብ ሆድ ያለው የክር መሣሪያ ይዛለች፣ ልጇ የሚሆን ጎረምሳ ጊታር፣ መሐላቸው ደግሞ ሰማንያ የሚጠጋ ሽማግሌ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር ሳይሆን ደረቱ ላይ ደግፎ ይጫወታል። ሽማግሌው አንድ መስመር ያወጣል፤ ሰዉ ይቀበለዋል። ደግሞ ያወጣል፤ ደግሞ ይቀበሉታል። በሦስተኛው ላይ ሁመይራ የሲራጁዲንን ጉልበት መታችው።

«መንዙማ እኮ ነው!» አለችው በሹክሹክታ፣ ዓይኗ እየበራ። «አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ለካ እኔ እስከ ዛሬ ለብቻዬ እየሰማሁ የወደድኩት ይኼን ነው! የእማዬ ቤት ነው እኮ ይኼ!»

ሲራጁዲን ፈገግ ሊል ሞከረ። የእማዬ ቤት! ሰባት ሰዓት ላይ ዕረፍት ሲባል «ዙህር ልስገድ» ብሎ ወጣ።

ንፋሱ ቆዳ ይልጣል። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ስልኩ ጮኸ። ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ። አናስ።

ስልኩን በእጁ ይዞ አየው። ቢያነሳው ልጁ «ነገራችኋት ወይ?» ይለዋል። «ነገ» ይለዋል። ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ከዚያ ዓይኑ ቀልቶ ይገባል፤ ሁመይራ ደግሞ ዓይን ታነባለች። አላነሳውም። ወዲያው እንደገና ጮኸ፤ እንደገና አላነሳውም። «አይዞህ አናስ፣ ነገ አብረን እናለቅሳለን» አለው ስልኩን፣ ሰው እንደሚያባብል። የሁመይራ ስልክ ከጉልበቱ አጠገብ፣ ከካርታዎቹ ሥር፣ ጠፍቶ ተኝቷል። ሲራጁዲን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሰገደ፤ ለእትዬ ተዋበች ነፍስም ዱዓ አደረገላቸው።

ተመልሶ ሲገባ ሁመይራን ወንበሯ ላይ አጣት። ቆማለች። ሽማግሌው ፈጣኑን ጀምሮታል፤ ሰዉ በእግሩ ወለሉን ይደልቃል፤ እሷ ደግሞ በመደዳዎቹ መሐል ቆማ በወሎ ምት፣ አንድ ጥብቅ አንድ ላላ፣ ታጨበጭባለች። ትከሻዋ ይነቃነቃል። ባንጆ የያዘችው ሴት ያን ጭብጨባ ሰምታ ቀና አለችና በእጇ ወደ እሷ አመለከተች፤ አዳራሹ ሁሉ ጭብጨባዋን ተቀበላት። ሁለት መቶ የሚሆን የቴክሳስ ሰው የኮምቦልቻ ጭብጨባ አጨበጨበ። ሁመይራ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። አርዋ ግን ወንበሯ ላይ እጇን በጭኗ መሐል ቀብራ ወለል ወለሉን ታያለች።

ሲመለሱ ሃይዌይ ሠላሳ ላይ ሁመይራ ዘፈኑን ራሷ እያወጣች ራሷ ትቀበል ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐዩ ከጀርባቸው ነው። ድንገት ዘፈኑን አቋረጠችና «እንደ ዛሬ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም» አለች። «አላህ ያክብርህ፣ ጋሽ ሲራጅ። ነገ ኔትወርኩ ሲመጣ መጀመሪያ ለእማዬ የምነግራት ይኼን ነው። ሁለት መቶ ፈረንጅ አስጨበጨብኩ ብላት ውሸታም ትለኛለች።»

ከኋላ ወንበር አርዋ ማልቀስ ጀመረች። «ምን ሆነሻል?» ስትላት «ሙዚቃው ነው» አለቻት። ሁመይራ አቀፈቻት።

እሑድ ሱብሒ ተሰገደ፤ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ ደረጃው በእግር ተሞላ። ሐጂ ጦልሃ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ሁመይራ መስገጃዋ ላይ ነበረች። በሩ ሲከፈትና ያን ሁሉ ፊት ስታይ ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ማንም መተንፈስም አላስፈለገውም። «ማን? አናስ ነው?» አለች። ከዚያ «እማዬ!» ብላ ወደቀች። ዘይቱናና ሌሎች ሁለት ሴቶች ያዟት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሁመይራ እየጮኸች እናቷን በልጅነት ስሟ፣ በሙያዋ፣ በደግነቷ እየጠራች አለቀሰች። ቤቱ አብሮ አለቀሰ።

ጸጥ ሲል «መቼ?» አለች።

«ረቡዕ» አሉ ሐጂ ጦልሃ። «ሰብር አድርጊ ልጄ፣ ቻዪው።»

ሁመይራ በጣቷ ቆጠረች። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ቀና ብላ ሲራጁዲንን አየችው፤ እሱ ዓይኑን አሸሸ።

«ለዚህ ነው ሙዚቃ የወሰድከኝ» አለች። «እማዬ ተቀብራ እኔ ስጨፍር...» ብላ ሳትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። «አይዞህ። አንተ ምን ታደርግ? እኔም ሚኒሶታ አንዷን ሐዘንተኛ እስክትረዳ አምስት ቀን አሞኝቼ ሱቅ ለሱቅ አዙሬያታለሁ። ወጉ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። አልጋ ላይ ቆየች? ጠራችኝ?»

«ኧረ በድንገት ነው» አለች ዘይቱና፣ ምንም ሳታውቅ፣ እንደሚባለው። «ማንንም አልጠሩ፣ አልተሰቃዩም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሁመይራ። «ብትጠራኝና ባልመልስ ኖሮ አልችለውም ነበር።»

አሁን መደወል ይቻላል። መርዶ ከተነገረ በኋላ የሟች ቤተሰብ ይደወልለታል፤ ወጉ እንዲያ ነው። ሲራጁዲን ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ። አናስ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«አላህ ያጽናችሁ አናስ፣ እሑድ ይሻላል ብለን ነው። አሁን ነገርናት።»

«ማን ነገራችሁ?» አለ። «አሁን ከቀብር መግባቴ ነው። ገና ለሰው አልደወልኩም።»

«ከምን ቀብር?»

«ከእማዬ ነዋ! ዛሬ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አረፈች። ጋሽ ሲራጅ፣ ምን ነክቷችሁ ነው? ከረቡዕ ጀምሮ ሁመይራ፣ ሁመይራ ስትል፣ ስደውል ስደውል ያንቺም ስልክ ዝግ፣ ያንተም አይነሳ...» ልጁ «የሷም» ማለት ሲገባው «ያንቺም» ማለቱን እንኳ አላወቀም። «ትናንት ማታ ትንሽ ተሻላትና ተቀመጠች። አንተ አላነሳህም። የሁመይራን ስደውል ያ መልእክት ተው የሚለው መጣ። ስልኩን አፏ ላይ ያዝኩላት፣ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አላናገረችም። ሰማችው?»

ሲራጁዲን ቁልቁል ወደ ታክሲው አየ።

«ጋሽ ሲራጅ፣ ሰማችው ወይ?»

እዚያ ሌሊት ስድስት ሰዓት ማለት እዚህ ቅዳሜ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሃይዌይ ሠላሳ ላይ ራሷ እያወጣች ራሷ የምትቀበልበት ሰዓት። ሲራጁዲን ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። መኪናውን ከፈተ፣ ካርታዎቹን በተነ፣ ስልኩን አወጣና አበራው። አሥራ ዘጠኝ ያልተመለሰ ጥሪ። አንዲት ትንሽ የፖስታ ምልክት።

የቆሻሻው ገንዳ ከመኪናው አሥር እርምጃ አይርቅም። ስልኩ እንደሁ ጠፍቷል ተብሏል፤ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል። ባቡር ላይ ወድቆ ሊቀር ይችላል። ሁመይራ እናቷ ሳትጠራት እንደሞተች አምና ሚኒሶታ ትመለሳለች፤ አልሐምዱሊላህ እንዳለች ትኖራለች። ገንዳው ጋ ደረሰ፤ ክዳኑንም አነሳ። ይህን ሁሉ ከባዶ የሠራው እሱ ነው፤ የመጨረሻውን ድምፅ ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ ይጣለው? አናስ ደግሞ ነገ ሲደውልላት ይጠይቃታል። ክዳኑን መለሰው። ሽቅብ ሲያይ አርዋ ደረጃው ላይ፣ ረቡዕ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆማለች። «ሲክ ብቻ ነበረች፣ አይደል?» አላለችውም። መንገድ ለቀቀችለት።

ሁመይራ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ሲዘረጋላት ባበጠ ዓይኗ ውስጥ ብርሃን ብልጭ አለ። «ስልኬ! የእማዬ ፎቶ አለበት እኮ! የት አገኘኸው?» አለችና ከመልሱ በፊት የፖስታውን ምልክት አይታ ተጫነችው። «አናስ ይሆናል» አለች። ሴቶቹም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገች።

መጀመሪያ የመጣው የማሽኑ ድምፅ ነው። «ሳተርደይ፣ ዲሴምበር ትዌንቲ ሰቨን፣ ዋን ትዌልቭ ፒ ኤም» አለ፣ ጥርት አድርጎ። ከዚያ ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ።

«ሁመይራ። እኔ ነኝ፣ እናትሽ። ምነው በዚህ ጁምዓ ዘለልሽኝ? ሥራ ይዞሽ ነው? አልተቀየምኩም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። አናስ ዛሬ ታነሳለች ይለኛል... በይ ሲመችሽ ደውዪ። አልተኛም፣ እጠብቅሻለሁ።»

ከዚያ ማሽኑ ለመድገም አንድን፣ ለማጥፋት ሰባትን ተጫኚ አላት።

ሐጂ ጦልሃ መቁጠሪያቸውን አቁመዋል። ሁመይራ በቀስታ ዞረች፤ አልጮኸችም።

«ቅዳሜ ነው ያለው?»

«አዎ» አላት ሲራጁዲን።

«ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ዕረፍት ላይ ነበርን። ስልኬ የት ነበር?»

«መኪና ውስጥ።»

«አንተስ?»

«መኪና ውስጥ» አላት።

ሌላ አልጠየቀችውም። ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጣበቀችና አንድን ተጫነች። ሲያልቅም እንደገና አንድን ተጫነች። ለቅሶ የመጣው ሰው ተራ በተራ ተነስቶ እስኪወጣ፣ ዘይቱና የጣደችው ድስት እስኪያር፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፍራሹ ላይ እስክትደርስ ድረስ፣ እናቷ እየጠበቀች ነበር።